ጣሪያዎ ላይ ሶላር ከማስገጠምዎ በፊት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ የውል ስህተቶች

ቅዳሜ ከሰዓት በር ይንኳኳል። ታብሌት የያዘ፣ ፈገግታው የማይጠፋ ወጣት ነው። አሁን አሁን አማርኛ የሚናገር ሻጭም ይመጣል። እኛ ደግሞ እንግዳ በር ላይ አናቆምም። ግባ እንለዋለን፣ ቡና ይፈላል። በረካው ሳይጠጣ ውሉ ተፈርሟል።

ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ከሚኖሩ ወገኖች ጋር ቁጭ ብዬ ብዙ የሶላር ውል አንብቤያለሁ። ሶላርን የምቃወም እንዳይመስልዎት፤ በደንብ ከተገዛ ቤት ይጠቅማል። ሰውን ሲያስለቅስ ያየሁት ፓነሉ ሳይሆን ወረቀቱ ነው። የሚፈርሙት ለ20 ወይም ለ25 ዓመት ከቤትዎ ጋር የሚታሰር ውል ነው።

ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ መፈረም

የብዙዎቹ ችግሮች ሥር ይሄ ነው። "ሶላር አስገጠምኩ" የሚል ሰው ፓነሉ የእሱ ይመስለዋል። ሊዝ ከሆነ ግን ፓነሉ የኩባንያው ነው፤ እርስዎ ወርሃዊ ኪራይ ይከፍላሉ። ሌላም ዓይነት ውል አለ። በዚህኛው ኩባንያው ጣሪያዎ ላይ ያመነጨውን መብራት በኪሎዋት ሰዓት ተምኖ ለእርስዎ መልሶ ይሸጥልዎታል። በሁለቱም ባለቤቱ እርስዎ አይደሉም።

ውሉ ውስጥ "በየዓመቱ 2.9 በመቶ ይጨምራል" የሚል መስመር ካለ ቆም ይበሉ። ቁጥሩ ሲሰሙት ትንሽ ነው። ዛሬ በወር 120 ዶላር የሚከፍል ሰው ግን በ25ኛው ዓመት ወደ 238 ዶላር ይከፍላል። የመብራት ዋጋ በዚያው ፍጥነት ካልጨመረ ቁጠባው የለም።

ሁለተኛው ጣጣ ቤቱን ሲሸጡ ይመጣል። ኩባንያው ፓነሉ ንብረቱ መሆኑን ወይም ዕዳ እንዳለበት የሚገልጽ ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ ካውንቲው ዘንድ ያስመዘግባል። ገዢው የቤቱን ሰነድ ሲያስመረምር ይሄ ብቅ ይላል። ከዚያ ወይ ገዢው ውሉን መረከብ አለበት፣ ለዚያም ክሬዲቱ በኩባንያው ይታያል፤ ወይ እርስዎ የቀረውን ከፍለው ይገላገላሉ። በዚህ ምክንያት የቤት ሽያጭ የሚጓተትባቸው ሰዎች አሉ። ስለዚህ "ቤቱን ብሸጥስ?" የሚለውን ጥያቄ ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ፤ መልሱንም ከሻጩ አፍ ሳይሆን ከውሉ ላይ ያንብቡ።

"30 በመቶውን መንግሥት ይመልስልዎታል" የሚለውን ማመን

ነበረ፤ አሁን ግን አብቅቷል። ለቤቱ ሶላር የገዛ ሰው ከወጪው 30 በመቶው ከፌዴራል ግብሩ ይቀነስለት ነበር። ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ግን ከዲሴምበር 31 ቀን 2025 በኋላ ለሚወጣ ወጪ ይህን ቅናሽ አስቀርቶታል። ብዙ ሰው የሚስተው ደግሞ ይሄ ነው፦ የሚቆጠረው ገንዘቡ የተከፈለበት ቀን ሳይሆን ተከላው ያለቀበት ቀን ነው። በ2025 ከፍሎ ሥራው በ2026 ያለቀለት ሰው ቅናሹን አያገኝም።

ሻጩ "አሁንም አለ" ካለዎት ምናልባት የሚያወራው ስለ ኩባንያው ነው። የሊዝ ኩባንያዎች በሌላ የግብር ሕግ አንቀጽ፣ የራሱ የጊዜ ገደብ ባለው፣ ለተወሰነ ጊዜ ቅናሽ ማግኘት ይችላሉ። የሚጠቀመው ባለቤቱ ነው፤ በሊዝ ደግሞ ባለቤቱ እርስዎ አይደሉም።

ቀደም ብለው በብድር ላስገጠሙም አንድ ነገር ልበል። ብዙ የሶላር ብድሮች የተሠሩት ያ 30 በመቶ በ18 ወር አካባቢ ለአበዳሪው ገቢ ይደረጋል በሚል ስሌት ነው። ገቢ ካልሆነ ወርሃዊ ክፍያው ከፍ ይላል። ቅናሹ ደግሞ በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ አልነበረም፤ ካለብዎት ግብር ላይ ብቻ ነው የሚቀነሰው። ጡረታ ላይ ያሉና የሚከፍሉት ግብር ትንሽ የሆነ እናቶችና አባቶች ላይ ይሄ በጣም ከብዷል። በአንድ ዓመት ያልተጠቀሙበት ቀሪ ካለዎት ወደሚቀጥለው ዓመት ስለሚሻገር የግብር ባለሙያዎን ይህ ቅናሽ ስለሚጠየቅበት ፎርም 5695 ይጠይቁ።

ወለዱን ብቻ አይቶ ብድር መውሰድ

ወለዱ ዝቅተኛ ሆኖ ሲያዩ ዋጋውን ይመርምሩ። የፌዴራሉ የሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ በኦገስት 2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በብድሩ ውስጥ የሚደበቀው የሻጭ ክፍያ ብዙ ጊዜ ዕዳውን ከጥሬ ገንዘብ ዋጋው 30 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ እንደሚያሳድገው ገልጿል። ያው 30,000 ዶላር የሚያወጣ ሥራ 39,000 ይሆናል ማለት ነው። መፍትሔው አንድ ጥያቄ ነው፦ "ዛሬ በጥሬ ገንዘብ ብከፍል ስንት ነው?" መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።

ሌላ ስቴት ያለ ዘመድ ያገኘውን እኔም አገኛለሁ ማለት

ትርፍ መብራት ወደ መስመሩ ሲልኩ የሚታሰብልዎት ዋጋ በየስቴቱ ይለያያል። ካሊፎርኒያ ከኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጀምሮ ለሚያመለክቱ ደንበኞች የምትሰጠውን ክፍያ በጣም ቀንሳዋለች። ከዚያ በፊት የገባ ዘመድዎና ዛሬ የሚገባ ጎረቤቱ አንድ ዓይነት ሒሳብ የላቸውም። ፔፕኮም ይሁን ዶሚኒየን፣ የእርስዎ መብራት አቅራቢ ዛሬ የሚሠራበትን ደንብ ራሱን ይጠይቁ።

ዲሲና ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ኤስሬክ የሚባል ነገር አለ። ፓነሉ 1,000 ኪሎዋት ሰዓት ባመነጨ ቁጥር አንድ የሚሸጥ ሰርተፊኬት ያስገኛል። ዲሲ ውስጥ አንዱ ከ400 ዶላር በላይ ሲሸጥ የቆየባቸው ዓመታት አሉ። በሊዝ ውል አብዛኛውን ጊዜ ይሄም ለኩባንያው ነው። "ሰርተፊኬቱ የማን ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም።

የመብራት ኩባንያው ሳይፈቅድ ማብራት

ፓነሉ ተገጥሟል፣ የካውንቲው ኢንስፔክተር አልፎታል። ቢሆንም የመብራት ኩባንያው የጽሑፍ ፈቃድ እስኪሰጥ ማብራት አይቻልም። ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። የብድሩ ክፍያ ግን አንዳንዴ ፈቃዱ ሳይመጣ ይጀምራል፤ ክፍያው ከፈቃዱ በኋላ እንዲጀምር ውሉ ላይ ያስጽፉ። መብራት ሲጠፋም ባትሪ የሌለው ሶላር አብሮ ይጠፋል። ይሄ ብልሽት አይደለም። መስመሩን የሚጠግኑ ሠራተኞች በኤሌክትሪክ እንዳይመቱ ኢንቨርተሩ፣ ማለትም የፓነሉን ኃይል ቤት ወደሚጠቀምበት መብራት የሚቀይረው መሣሪያ፣ ራሱን እንዲያጠፋ የደኅንነት ደረጃው ያስገድዳል።

የቤት ባለቤቶች ማኅበሩን መርሳት

ቨርጂኒያ ውስጥ ማኅበሩ በተመዘገበው መተዳደሪያ ሰነድ ካልከለከለ በቀር ምክንያታዊ ገደብ ብቻ ነው ማድረግ የሚችለው። ወጪውን ከ5 በመቶ ወይም የሚመነጨውን ኃይል ከ10 በመቶ በላይ የሚጎዳ ገደብ ምክንያታዊ አይባልም። መብት ቢኖርዎትም ማመልከቻውን አስቀድመው ያስገቡ። ኮንዶ ከሆነና ጣሪያው የጋራ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው።

በኩባንያው ዕድሜ መተማመን

ሰንፓወር በኦገስት 2024፣ ሰኖቫ በጁን 2025 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቀዋል። ሁለቱም ትልልቅ የሶላር ኩባንያዎች ነበሩ። የፓነሉ ዋስትና ከአምራቹ፣ የጣሪያው ሥራ ዋስትና ከገጣሚው ነው፤ ለየብቻ ወረቀት ይያዙ።

ፈረምኩ፣ አለቀ ማለት

አላለቀም። ይሄን እያንዳንዱ ቤተሰብ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ሻጭ ቤትዎ መጥቶ 25 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ነገር ከሸጠልዎት፣ የፌዴራል ደንብ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ያለ ምንም ምክንያት የመሰረዝ መብት ይሰጥዎታል። ቅዳሜ እንደ ሥራ ቀን ይቆጠራል፤ እሑድና የፌዴራል በዓላት አይቆጠሩም። ሻጩ ይህንን መብት በቃል መንገርና የመሰረዣ ፎርም በሁለት ቅጂ መስጠት አለበት።

እዚያው ደንብ ላይ ለእኛ በተለይ የሚጠቅም ነገር አለ። ውሉ ወይም ደረሰኙ ሻጩ በዋናነት ባስረዳበት ቋንቋ መሆን አለበት። አማርኛ እያወራ ካሳመነዎት በአማርኛ የተጻፈ ውል ይጠይቁት። የለኝም ካለ አይፈርሙ። ፈርመው ከሆነና ሦስቱ ቀናት ካላለፉ፣ ፎርሙን ዛሬውኑ ፈርመው በተመዘገበ ፖስታ ይላኩ። ቅጂውንና የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ ይያዙ። ፎርም ካልሰጡዎት "ውሉን ሰርዣለሁ" የሚል ደብዳቤ ቀኑን ጽፈው ይላኩ፤ ለካውንቲዎ የሸማቾች ጥበቃ ቢሮም ያመልክቱ።