ራዲያተሩ ይጎድላል፣ መሬቱ ደረቅ ነው

«ውሃ ይጎድልብኛል፤ ግን አያፈስም።» ሱሉልታ መንገድ ዳር ባለችው ጋራዣችን በሳምንት ሁለት ሦስቴ የምሰማው ነገር ነው። መኪናው ብዙ ጊዜ ዲኤክስ፣ አሮጌ ኮሮላ ወይም ሚኒባስ ነው። ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ ዳገቱን ሲወጣ ይቆይና እኛ ጋ ሲደርስ ያቃስታል። ኋላ ወንበር ሥር ውሃ የሞላ ጀሪካን አለ። ጀሪካን ይዞ መዞር የጀመረ ሰው ችግሩን ለምዶታል ማለት ነው።

ቱቦ መዳሰሱን፣ ክላምፕ ማጥበቁን፣ በባትሪ ከሥር ማየቱን አድርጋችኋል ብዬ ልነሳ። ካላደረጋችሁ እሱን ጨርሳችሁ ተመለሱ።

ብዙም የማያጋጥሙትን ቶሎ ቶሎ እንለፍ።

ከፊት ተሳፋሪው እግር ሥር ምንጣፉ ይረጥባል፣ መስታወቱ ከውስጥ በቅባት ዓይነት ጉም ይሸፈናል፣ ጣፋጭ ሽታ አለ፦ የማሞቂያው ትንሿ ራዲያተር ተበስታለች። ትቀየር።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና ላይ የካምቢዮው ዘይት እንደ እንጆሪ ወተት ከሆነ፦ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው የዘይት ማቀዝቀዣ ተበስቷል። መኪናውን አትንዱ፤ አስጎትቱት። ካምቢዮው ውሃ አይወድም።

የውሃ ፖምፓው ሥር ትንሽ ቀዳዳ አለች። በዙሪያዋ የደረቀ ነጭ ወይም ቀይ ዝቃጭ ካያችሁ ፖምፓው ጊዜው ደርሷል። ቀዳዳዋን በማስቲሽ የደፈነ ሰው አጋጥሞኛል። እሷ የተሠራችው ለማሳወቅ ነው፤ አፏን ብትዘጉት ውሃው ኩሽኔታው (ቤሪንጉ) ውስጥ ይገባና ፖምፓው ተጨናንቆ ይሰበራል።

ሞተሩ ጎን ላይ ያሉት ክብ የብረት መወተፊያዎች ዝገው የሚያልቡበት ጊዜም አለ። በተለይ ከካምቢዮው ጀርባ ያለው። ዓመት ሙሉ የቧንቧ ውሃ ብቻ ለጠጣ ሞተር የሚመጣ በሽታ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። ቴስታታ፣ ማለትም የሞተሩን የላይኛ ራስ፣ ከማስወረዳችሁ በፊት የራዲያተሩን ክዳን እዩ። አይታችሁ ከሆነ ደግማችሁ እዩ።

እኛ ያለንበት ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈላል። ንፍሮ እዚህ አገር ጊዜ የሚፈጀው በዚህ ነው። የድሮ ቶዮታ ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው በር) ደግሞ ብዙ ጊዜ 82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምርና ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 አካባቢ ነው። እንግዲህ አስሉት። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ውሃው የሚፈላው ቴርሞስታቱ በቅጡ ሳይከፈት ነው። ጤነኛ ክዳን 0.9 ባር ያህል ግፊት ይዞ መፍያውን እዚሁ ሱሉልታ ላይ ወደ 114 ዲግሪ ያደርሰዋል። ባህር ጠረፍ ያለ መኪና ክዳኑ ቢደክም እንኳ እስከ 100 ዲግሪ ትንፋሽ አለው። የእኛ የለውም።

ታዲያ ለምን ማንም አያየውም? ምክንያቱም የሚተፋው አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ነው። ዳገቱን ወጥታችሁ መኪናውን አቆማችሁ። ፖምፓው ቆመ፤ የቴስታታው ብረት ግን ገና ግሏል። ሙቀቱ ወደ ቆመው ውሃ ይገባል፣ ውሃው ይፈላል፣ ደካማውን ክዳን ገፍቶ በቀጭኗ ቱቦ ወደ ሪዘርቭ፣ ወደ ትርፍ ውሃ መያዣው፣ ይሄዳል። ሪዘርቩ ሲሞላ ቀሪው ይፈስሳል። እናንተ በዚያ ሰዓት ቡና ላይ ናችሁ። ስትመለሱ ደርቋል። የሙቀት ጌጁም ምንም አልተናገረም።

አንድ የሚኒባስ ሹፌር ነበር። ውሃ ይጎድላል ተብሎ ሁለቴ ቴስታታ አስወርዷል፤ በሁለት የተለያዩ ጋራዦች። እኛ ጋ ሦስተኛው ነው። ኮፈኑን ከፍቼ ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቅኩና ክዳኑን ሳዞረው ከሥሩ ጥቁር ፌስታል ብቅ አለች። ሁለት ጊዜ ታጥፋ በክዳኑና በራዲያተሩ አንገት መሃል ተቀምጣለች። ጠርዟ በሙቀት ቀልጦ አንገቱ ላይ ተጣብቋል።

«ይቺን ማን አስገባት?»

«ረዳቴ ነው ጋሼ። በክዳኑ በኩል ሲተፋ ጊዜ፣ ያጠብቀዋል ብሎ።»

ሁለት ጋራዥ፣ ሁለት የቴስታታ ጋስኬት፣ ያን ሁሉ የሥራ ቀን። ፌስታሏን ግን «አንቺ ማነሽ?» ያላት የለም። የቀለጠውን በእንጨት ፍቄ አወጣሁ፣ አንገቱን በደቃቅ ሸካራ ወረቀት አለሰለስኩ፣ ከሌላ መኪና ጤነኛ ክዳን ወስጄ ገጠምኩለት። ለሦስት ቀን ደብረ ጽጌን ተመላለሰበት። ውሃው ካለበት ንቅንቅ አላለም።

ክዳኑ ላይ ሁለት በር አለ። ትልቁ በሞላ ተገፍቶ አንገቱ ውስጥ ያለውን ከንፈር የሚዘጋው ነው። መሃል ላይ ያለችው ትንሿ ደግሞ ሞተሩ ሲበርድ ተከፍታ ውሃውን ከሪዘርቭ መልሳ ትስባለች። ሁለቱ ሲበላሹ የሚያሳዩት ምልክት ይለያያል።

ሪዘርቩ ከጉዞ በኋላ ሞልቶ ይፈስሳል፣ ዙሪያው ዝቃጭ አለው፦ ትልቁ ሞላ ደክሟል ወይም ጎማው ተሰንጥቋል።

ጠዋት ሪዘርቩ ሙሉ ነው፣ ራዲያተሩ ግን ጎዶሎ፦ ውሃው ሄዷል፣ መመለስ አቅቶታል። ወይ ክዳኑ አየር ያስገባል፣ ወይ ቀጭኗ ቱቦ ተሰንጥቃለች፣ ወይ ጫፏ የሪዘርቩ ታች አይደርስም። ሪዘርቩ ጠፍቶ በምትኩ የሃይላንድ ጠርሙስ በሽቦ የታሰረባቸው መኪኖች ላይ ሁልጊዜ ይሄ ነው። ጠርሙሱን አልቃወምም፤ ቱቦዋ ግን ውሃው ውስጥ ትጠለቅ። አየር ላይ ከተንጠለጠለች የምትስበው አየር ነው።

ጠዋት የላይኛው ትልቁ ቱቦ እንደተረገጠ ጠፍጣፋ ሆኖ ይገኛል፦ ትንሿ በር ተጣብቃለች።

ለመመርመር የግፊት መለኪያ ያለው ጋራዥ ከተገኘ ጥሩ። ከሌለ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው፣ ጤንነቱ የተረጋገጠ ክዳን ተውሳችሁ ሦስት አራት ቀን ንዱበት። በአውራ ጣት መጫን ፈተና አይደለም። አንድ ጊዜ ግን አዲስ ነው ተብሎ የመጣልኝን ክዳን ሳየው ሞላው እንደ እስክሪብቶ ሞላ ለስልሶ ገባ። ማሸጊያው ያብረቀርቃል፣ «ኦሪጅናል» የሚል ተለጥፎበታል። ወደ ሱቁ መለስኩት። ሻጩ ሌላ ሰጠኝ፤ ያውም አጭር። የአንዳንዱ ክዳን ጥልቀት ስለሚያንስ ከውጭ በደንብ ይጠብቃል፣ ከንፈሩን ግን አይነካም። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁም ሆነ ከሠፈር ስትገዙ አሮጌውን ክዳን ይዛችሁ ሂዱ፤ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣችሁ ቁመታቸውን አስተያዩ።

ቁጥሩን አትጨምሩ። 0.9 የተጻፈበትን በ1.1 መቀየር ውሃውን አያጠነክረውም። ሃያ ዓመት ያገለገለ ራዲያተር ፕላስቲኩ ከብረቱ የተጣበቀበት ቦታ ይፈነዳል።

ትኩስ ክዳን አትክፈቱ። ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ሁላችሁም ትከፍታላችሁ። ጨርቅ መጠቅለል አያድንም፤ ጨርቁ የፈላ ውሃ ጠጥቶ እጃችሁ ላይ ይጣበቃል። የላይኛው ቱቦ በእጅ ሲጨበጥ ለስልሶ እስኪተጣጠፍ ጠብቁ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም ቴስታታ ይሰነጥቃል፤ ያኔ እውነትም የቴስታታ ሥራ ይመጣል። የተቀዳውን ኩላንትም (የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) በሳህን ግቢ ውስጥ አትተዉ። ይጣፍጣል፣ መርዝ ነው፣ ውሻም ሕፃንም ይልሰዋል።

አዲስ ውሃ ስትሞሉ መኪናውን አፍንጫው ወደ ላይ በሆነ ቦታ አቁሙ፣ ማሞቂያውን እስከ ጥግ ክፈቱ፣ ሞተሩን አስነሱ። አየሩ ይወጣል። በማግስቱ ትንሽ ቢጎድል አትደንግጡ፤ የተደበቀ አየር ነው። በአራተኛው ቀንም ከጎደለ ግን አየር አይደለም። ሪዘርቩ ላይ በማርከር መስመር አስምሩና ሁልጊዜ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ እዩት። ማታ በትኩሱ አይቶ «ሙሉ ነው» የሚል ሰው ራሱን ነው የሚያታልል።

ስለ መድኃኒቱ አንድ ነገር ልበል። እንቁላል የሰበረበት፣ በሶ የበጠበጠበት፣ ከሱቅ የፍሳሽ ማቆሚያ ዱቄት ገዝቶ የጨመረበት፣ ሁሉንም አጥቤያለሁ። የበሶው ራዲያተር ሲከፈት የሸተተኝን አልረሳውም። እነዚህ ቀዳዳ የሚደፍኑ ከሆነ ቀጫጭኖቹን የራዲያተር መንገዶችም ይደፍናሉ፤ ቀዳዳውን ለይተው አያውቁትም። ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣልም ያው ነው። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲወጣ አቋራጩ መንገድ ክፍት ይቀራል፣ ከፊሉ ትኩስ ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ይገባል።

ክዳኑ ተቀይሮ፣ አንገቱ ጸድቶ፣ ቱቦዋም ደህና ሆና አሁንም ከጎደለ፣ እሺ፣ ወደ ቴስታታ እንሂድ። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ሌሊቱን ያደረ ሞተር ጠዋት ሲታይ ቱቦው አሁንም ደንድኗል። ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ ሲነሳ አረፋ ሳያቋርጥ ይወጣል። አንዷ ካንዴላ ብቻ እንደታጠበች ነጭ ናት። ነጩ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም አያቆምም። የጠዋት ጭስ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፤ የሱሉልታ ብርድ የሁሉንም መኪና አፍ ያስጨሳል። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ያለች ትንሽ ነጭ ክሬምም አጭር መንገድ ብቻ በሚሄድ መኪና ላይ የእንፋሎት ጠል ትሆናለች። የዘይት መለኪያ ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ራሱ ቡና በወተት ከመሰለ ግን ሞተሩን አታስነሱት።

ቴስታታው ከወረደ ጋስኬት ብቻ ቀይራችሁ አትመልሱ። ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ ጠፍጣፋነቱን አስለኩ። የብዙ ቶዮታ ሞተሮች ገደብ 0.05 ሚሊሜትር ነው፤ በዓይን የሚታይ ነገር አይደለም። ብሎኖቹ ከመሃል ወደ ዳር፣ በየደረጃው፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው የቶርክ ቁልፍ ይጠብቃሉ። «እጄ ያውቀዋል» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ የመኪናችሁን ቁልፍ ተቀበሉት።