ከስም ጥሪ እስከ ምሳ ዕቃ፦ ልጆች የሚከባበሩበት ክፍል እንዴት ይሠራል?

ፒያሳ አካባቢ የሚያስተምር ሰው በአንድ ቀን የአራዳ ጊዮርጊስን ደወልም የበኒ መስጊድን አዛንም ይሰማል። ክፍሉ ውስጥም ወላጆቻቸው ከጉራጌ፣ ከወለጋ፣ ከጎጃም፣ ከትግራይና ከወላይታ የመጡ ልጆች በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። አብሮ መቀመጥ ብቻውን መከባበርን እንደማያመጣ ለመረዳት ግን ጥቂት ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ሥራው የሚጀምረው ከስም ነው። መስከረም ላይ የስም ዝርዝሩ ሲደርስዎ እያንዳንዱ ልጅ ስሙን ራሱ እንዲናገር ያድርጉ፤ እርስዎ ደግመው ይጥሩት፤ ከተሳሳቱ ያርምዎት። ለምሳሌ ዱፌራ የሚለውን ስም እንውሰድ። በኦሮምኛ «መጥቷል» ማለት ነው። የመጀመሪያው ድምፅ ግን የአማርኛው «ዱ» አይደለም፤ ምላስ ወደ ላንቃ ተጠግቶ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ እያለ የሚወጣ ነው። ለዚህ ድምፅ የተበጀ «ዸ» የሚባል ፊደል ስላለ እኔ መዝገቡ ላይ በእርሳስ «ዹፌራ» ብዬ እጽፋለሁ። የትግርኛው ሐጎስም «ሐ» ከጉሮሮ ነው የሚነሣው። አፍዎ ባይታዘዝልዎትም ይሞክሩ። ልጆቹ መምህራቸው በተማሪ ሲታረም ማየታቸው በራሱ ትምህርት ነው። ስም አሳጥሮ «እኔ እንዲህ ነው የምልህ» የሚል መምህር አውቃለሁ፤ ያ ልጅ ቀኑን ሙሉ በሰው ስም ይውላል።

ቀጥሎ ሳቁን ይያዙ። ቤቱ ውስጥ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ልጅ «እህቴ መጣ» ሲል ክፍሉ ይፈነዳል። አይቆጡ። «እሺ፣ እህትህ መጣች፤ ከዚያስ?» ብለው ወሬውን ያስቀጥሉ። እርማቱ ይደርሰዋል፣ ውርደቱ ይቀርለታል። በእረፍት ሰዓት ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሲጫወቱም «አማርኛ ብቻ» አይበሉ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንዳላቸው ደንግጓል፤ የትምህርት ቤት ግቢ ከሕገ መንግሥቱ የጠበበ ሊሆን አይገባም።

አሁን ወደ ምሳ ዕቃው እንምጣ፤ እኔ ክፉኛ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። አንድ ዓመት «ተጎራረሱ፣ ፍቅር ነው» ብዬ ሁሉንም አዘዝኩ። አንዲት ልጅ ጉርሻው ወደ አፏ ሲቀርብ ከንፈሯን ገጥማ እኔን አየችኝ። ጥብስ ነበር፤ ቤተሰቧ ሙስሊም ናቸው፤ አጉራሿ ክርስቲያን። አንዱ ያረደውን ሌላው እንደማይበላ እያወቅሁ እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ክፍሌ ውስጥ «አመሰግናለሁ፣ ይቅርብኝ» የሚል መልስ በቂ ነው፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። መካፈል የሚፈልጉ ሽሮና ምስር ይካፈላሉ፤ ሽሮ ከማንም ጋር ተጣልቶ አያውቅም። 55 ቀን በሚቆየው ዐቢይ ጾምና በረመዳን ወቅት የስፖርት ክፍለ ጊዜን ቀለል ያድርጉ፤ በምሳ ሰዓት ለሚጾሙት መጽሐፍ የሚያነቡበት ጥላ ያዘጋጁ። ማን ጾመ ማን አልጾመ ብለው ግን እጅ አያስወጡ።

መቀመጫን በየሁለት ሳምንቱ ያዟዙሩ። የክፍሉን ደንብ ልጆቹ ራሳቸው ያውጡት፤ ከአራት አይብለጥ፣ አለበለዚያ ማንም አያስታውሰውም።

ስለ ባህል ቀን አንድ ነገር ልበል። በዓመት አንድ ቀን ልብስ ለብሶ ፎቶ መነሣት አያስከፋም፤ ነገር ግን እናቱ የሶዶ፣ አባቱ የመንዝ የሆነ የፒያሳ ልጅ የማንን ልብስ ይልበስ? እኔ የምመርጠው በየሳምንቱ ዓርብ የምትሰጥ አንዲት የቤት ሥራ ናት። «ሰው ሲያስነጥስ በእናንተ ቤት ምን ይባላል?» «ሕፃን ሲያለቅስ ምን ተብሎ ይባበላል?» ሰኞ ጠዋት መልሶቹ ሰሌዳ ላይ ይጻፋሉ። ልጁ ብሔሩን እንዲናገር አልተጠየቀም፤ ስለ አያቱ ግን አውርቷል።

ስድብ ሲመጣ፣ መምጣቱም አይቀርም፣ ሁለቱን ልጆች ክፍሉ ፊት አያቁሙ። ተሳዳቢውን ለብቻው አነጋግሩት፤ ቃሉን ከየት እንደሰማው ይጠይቁት። ብዙ ጊዜ መልሱ ከትልቅ ሰው አፍ ነው፤ ስለዚህ ወላጅን በእርጋታ መጥራት የግድ ይሆናል።

ሰኔ ላይ መዝገቡን ለሚቀጥለው መምህር ሲያስረክቡ በእርሳስ የጻፏቸውን ምልክቶች አያጥፉ።