ትንሽ የመስታወት በረንዳ ባለ ጣውላ ወለል፦ ሁለቴ ነቅዬ የተማርኩት

ደብረ ብርሃን ላይ ፀሐይ መሞቅ እንደ አንድ ሥራ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሜዳው በውርጭ ነጥቶ የሚነጋበት ጠዋት አለ። እናቴ ማለዳ በርጩማዋን ይዛ ግድግዳ ሥር ትወጣለች፣ ነፋሱ ሲነሳ እያማረረች ትመለሳለች። የፊቱን በረንዳ በመስታወት ልዝጋው፣ ወለሉንም ጣውላ ላድርገው ያልኩት ለእሷ ነው። 2 ሜትር በ3 ሜትር ብቻ ናት። ለዚህችው ወለሉን ሁለቴ ነቅያለሁ። እናንተ አንዴም እንዳትነቅሉ ነው የምጽፈው።

ፀሐይዋን እዩ

መስታወት ከማዘዛችሁ በፊት አንድ ቀን ሙሉ በረንዳው ላይ ዋሉ። እኛ አካባቢ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሰሜን ትዞራለች። ውርጩ ያለው በጋ ላይ ስለሆነ መስታወቱ ምሥራቅንና ደቡብን ይይ። የቀረው ጎን ግንብ ሆኖ ይቅር፣ ማታ ሙቀት የሚይዝላችሁ እሱ ነው። ምዕራብ ብቻ የሚያይ በረንዳ ካላችሁ ጠዋት ትንቀጠቀጣላችሁ፣ ከሰዓት ትቀቀላላችሁ። እኔ ብሆን ለእሱ ገንዘብ አላወጣም።

ጣሪያውንም መስታወት አታድርጉ። ፎቶ ላይ ያምራል፣ ግን በረዶ የሚጥል አገር ነው ያለነው። ቆርቆሮ ከነኮርኒሱ ይበቃል። አልሙኒየም ሠሪው ደግሞ ቢያንስ ሁለት የሚከፈት መስኮት ያውጣላችሁ፣ አንዱ ከፍ ብሎ። እሱ ዝም ካላችሁት ሁሉንም ድፍን አድርጎ ይሄዳል፣ ሥራው ይቀልለታላ! ከዚያ የቤቱ እርጥበት ሌሊት መስታወቱ ላይ ውሃ ይሆንና ጠዋት ጠዋት ጣውላችሁ ላይ ይንጠባጠባል።

ወለሉ፣ ማለትም ጣጣው ሁሉ

የመጀመሪያውን ወለል የሠራሁት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ከመሰንጠቂያ ቤት የመጣ ባሕር ዛፍ፣ ሽታው እንኳ አልለቀቀውም። አናጺው አንዷን ጣውላ አንስቶ መዘነና «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ቅጠሉ ገና አልረገፈም» አለኝ። እኔ ቸኩያለሁ፣ ለእንቁጣጣሽ ማድረስ ፈልጌያለሁ፣ ምታው አልኩት። መታው። ጥር ላይ በየጣውላው መሀል ሳንቲም የሚያሳልፍ ክፍተት ነበር፣ ጠርዙም እንደ ገበቴ ወደ ላይ ተቆልምሟል። የእናቴ የደም ግፊት ክኒን አንዱ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

ነቀልኩት። አሁን ብልጥ ሆኛለሁ ብዬ የደረቀ ጣውላ ገዝቼ መጋቢት ላይ ጥርቅም አድርጌ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ክር የማያስገባ አድርጌ አስመታሁ። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አደነቀ። ሐምሌ ሲገባ ጣውላው እርጥበት ጠጣና አበጠ፤ መሄጃ ሲያጣ መሀሉ ላይ ተነሳ፣ በሩም አልከፈት አለ።

ጣውላ ርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም፣ የሚያብጠውና የሚኮማተረው በወርዱ ነው። ባሕር ዛፍ ደግሞ በዚህ ጠባዩ ክፉ ነው። መስታወት ቤት ውስጥ ነገሩ ይብሳል፤ ቀትር ላይ ይደርቃል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ክረምት ይረጥባል። ስለዚህ ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ የደረቀ እንጨት፣ ከሥሩ አየር፣ ከዳሩ ክፍተት።

መድረቁን በዓይን አትገምቱ። አንድ ቁራጭ ቆርጣችሁ በባለሱቅ ሚዛን መዝኑ፣ በየሳምንቱ ድገሙት። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል። የሚደርቀውም እዚያው በረንዳው ውስጥ፣ በመሀሉ ቀጫጭን እንጨት እየገባ ተደርድሮ ነው እንጂ ደጅ ፀሐይ ላይ ተጥሎ አይደለም፤ ደጅ ይሰነጠቃል። ጽድ ካገኛችሁ ከባሕር ዛፍ አታወዳድሩት፣ ምስጥም ብስባሴም ቶሎ አይደፍረውም። ግን ከደን የተቆረጠ ጽድ የሚያመጣላችሁን ሰው ወረቀቱን ጠይቁት። እኔ ሦስተኛውን ወለል የሠራሁት ከፈረሰ አሮጌ ቤት በተገዛ ጽድ ነው፤ ሚስማሩን መንቀል ሁለት ቀን ፈጀብኝ፣ አይቆጨኝም።

ቀጥሎ ሊሾውን ፈትሹ። ካሬ ሜትር የምታህል ፕላስቲክ አንጥፋችሁ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ለጥፉ፣ ሁለት ቀን ተዉት። ሥሩ ላይ ጠብታ ካያችሁ እርጥበት ከመሬት እየመጣ ነው፤ ሬንጅ ሳይቀባ ምንም አትጀምሩ። ከዚያ ወፍራም ፕላስቲክ፣ በላዩ ሞራሌ (ጣውላው የሚመታበት ወፍራም እንጨት) በየ40 ሳንቲ ሜትሩ፣ በውሃ ልክ እየታየ። ሞራሌው ከግድግዳው እስከ ግድግዳው አይድረስ፣ አየር በጫፉ ይዙር። በግድግዳው እግር ላይ ሁለት ቀዳዳ በትይዩ አውጡና የወንፊት ሽቦ ምቱበት። ሽቦውን የረሳ ሰው አይጥ ያሳድጋል።

ጣውላው 2.5 ሳንቲ ሜትር ይወፍር። ከመመታቱ በፊት የሆዱንም የጀርባውንም ገጽ ከታች በምነግራችሁ ዘይት አንድ አንድ እጅ ቀቡት፤ ላዩ ብቻ ከተቀባ ከሥር ይጠጣና ይቆለመማል። በየመሀሉ ቀጭን ሚስማር እያስገባችሁ ክፍተቱን ለኩ። በግድግዳው ዙሪያ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ ተዉ። አናጺው «ይሄማ ያስቀይማል» ይላችኋል። ዞኮሎ፣ ማለትም የግድግዳውን እግር የሚዞረው ቀጭን ጣውላ፣ ይሸፍነዋል በሉት፣ ዞኮሎው ግን ግድግዳው ላይ ይመታ እንጂ ወለሉ ላይ እንዳይመታ።

የጣውላው መስመር ከቤቱ በር ወደ መስታወቱ ይሂድ። ጠባቧ ክፍል ረዘም ትላለች፣ ብርሃኑም በመስመሩ ስለሚሄድ ስንጥቁ አይታይም።

መላግና በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ የታወቀ ነው። ቅባቱ ላይ ግን ጨለም ያለ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ አትምረጡ፤ ፀሐይ ላይ ዓይን ይወጋል፣ አቧራና ጭረቱ ሁሉ ይታያል። ቀለም ቤት የሚሸጠውን የተልባ ዘይት ሦስት እጅ በስሱ ቀቡ። የተቀባበትን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ እንዳትጥሉ፤ በራሱ ሞቆ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ውሃ ውስጥ ንከሩት ወይም ደጅ ዘርግታችሁ አድርቁት።

ውስጧን መሙላት

እዚህ ላይ ትንሽነቷን አትርሱ። ሶፋ አይገባም፣ ቢገባም ሰው አይገባም። እኔ የአያቶቻችንን መደብ ነው ያመጣሁት፦ በግንቡ በኩል 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የጣውላ መደብ፣ ክዳኑ የሚነሳ፣ ውስጡ ብርድ ልብስና የእናቴ የጥጥ ዕቃ። ላዩ ላይ አጎዛ ወይም የመንዝ ባና ጣሉበት። የፋብሪካው ስፖንጅ ፀሐይ ሲበላው ይፈረፈራል። ጠረጴዛዋ በማጠፊያ ግድግዳው ላይ ትታሰር። መጋረጃው ስስ ነጭ ጥጥ ይሁን፤ ቀትር ላይ ዝቅ ስታደርጉት ወለሉም ቶሎ አይጠወልግም። ምንጣፍ ካነጠፋችሁ ቦታውን አልፎ አልፎ ቀይሩ፣ አለበለዚያ ስታነሱት ከሥሩ ሌላ ቀለም ያለው ወለል ታገኛላችሁ። አበባ በደንብ፣ ግን ከሥሩ ሰሃን ያለው፣ እግር ላይ የቆመ።

ቡና ደግሞ መፈላቱ አይቀርም። እናቴ በሁለተኛው ቀን ማንደጃዋን ይዛ ገባች። የተዘጋ መስታወት ቤት ውስጥ ከሰል ይገድላል፣ ወለሉን ተዉት። ተከራክረን ተከራክረን የተስማማነው ከሰሉ ደጅ ተቀጣጥሎ እዚያው ደጅ እንዲፈላ፣ ጀበናው ብቻ እንዲገባ ነው። ለጀበናው በሩ አጠገብ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀመጥኩላት። አሁን ድንጋዩ ላይ ድመቷ ናት የምትተኛው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይሞቃል።