ፓስፖርት ቪዛ ላይ፣ ፖስተር ሻንጣ ውስጥ፦ ከአገር አገር ለምትዞሩ ተመራማሪዎች

ንግግሬ ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ሰኞ ማታ እኔ ጀርመን፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ስላይዶቼን ለሥራ ባልደረባዬ በኢሜይል እየላክኩ ነው፣ በእኔ ፋንታ እንዲያቀርብልኝ። ኮንፈረንሱ እንግሊዝ አገር ነው። ግብዣው አለ፣ ቲኬቱ ተቆርጧል፣ ሆቴሉ ተከፍሏል። ፓስፖርቴ ግን ለቪዛ እንደገባ አልወጣም። ሐሙስ ዕለት በፖስታ መጣ። ቪዛው ተመቶበታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ያኔ የዶክትሬት ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ከዚያ በኋላ ለፖስትዶክ፣ ከዶክትሬት በኋላ ላለው የምርምር ሥራ፣ ስዊድን ሄጃለሁ፣ በመሃል ቁጥሩን የማላስታውሰው ያህል ኮንፈረንስ ተጉዣለሁ። እውነቱን ለመናገር ሳይንሱ እንደ ወረቀቱ አላስጨነቀኝም። እንደኛ ዓይነቱን ተጓዥ የሚጥለው በሁለት ወረቀቶች መሃል ያለ ክፍተት ነው። አንዱ ቪዛ አልቆ ሌላው ሳይመጣ፣ አንዱ ኮንትራት አልቆ ሌላው ሳይጀምር፣ የድሮው ቤት ተለቆ አዲሱ አድራሻ ሳይመዘገብ። ከዚህ በታች የጻፍኩት በሙሉ ያንን ክፍተት ስለማጥበብ ነው።

ቀኑን ከኋላ ቁጠሩ

አንድ የኤክሴል ገጽ ክፈቱ። ፓስፖርቱ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኮንትራቱና የጤና መድኑ መቼ እንደሚያልቁ ጻፉ። የኮንፈረንስ ቀን የምትጨምሩት ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ለዓመታት የሠራሁት በተቃራኒው ነበር። አብስትራክቴ፣ ለኮንፈረንሱ የምልከው የጥናቴ አጭር መግለጫ፣ ሲያልፍ እደሰታለሁ፣ ቪዛው ትዝ የሚለኝ ግን ወር ሲቀረው ነው።

ከሼንገን ልጀምር፣ በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች። ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ማመልከት ይችላል። መጨረሻው ደግሞ 15 ቀን ሲቀር ነው። ውሳኔው ድሮ በመደበኛው 15 ቀን ይፈጃል ይባል ነበር፣ እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ግን ለኢትዮጵያውያን መደበኛው 45 ቀን ሆኗል። ክፍያው ከጁን 2024 ወዲህ 90 ዩሮ ነው። የጉዞ መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። ፓስፖርቱ ከሼንገን ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚቀረውና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን። ይህ ሁሉ ተሟልቶም ዋናው ትግል ቀጠሮ ማግኘቱ ነው። ስለዚህ የግብዣ ደብዳቤውን አብስትራክቱ ባለፈ በዚያው ቀን ጠይቁ። ብዙ አዘጋጆች ደብዳቤውን የሚሰጡት የምዝገባ ክፍያ ከተከፈለ በኋላ ስለሆነ፣ ቪዛ ቢከለከል ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነም አብራችሁ ጠይቁ። የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም፣ በየዓመቱ ስንቱ ይጠይቃቸዋል።

ጀርመን ወይም ስዊድን መኖሪያ ፈቃድ ካላችሁ ነገሩ ይቀላል። በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ሌሎቹ የሼንገን አገሮች ያለ ቪዛ መቆየት ይቻላል፣ ካርዱና ፓስፖርቱ ይበቃሉ። ለንደንና ደብሊን ግን እዚህ ውስጥ የሉም። አየርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆና ሼንገን ውስጥ አለመሆኗን ሰው ሁሉ ይረሳዋል።

ሌላው ወጥመድ ትራንዚት ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ከኤርፖርቱ ሳይወጣ አውሮፕላን ለመቀየር እንኳን ሼንገን አገር ውስጥ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። የአውሮፓ ኅብረት አገር መኖሪያ ፈቃድ ያለው፣ ወይም የሚሠራ የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የጃፓን ቪዛ የያዘ ከዚህ ነፃ ነው። በፍራንክፈርት አድርጎ ሌላ አህጉር የሚወስድ ርካሽ ቲኬት ስታዩ እጃችሁ ከመቸኮሉ በፊት ይህን አስቡ። መሳፈሪያው ላይ የሚመልሷችሁ የአየር መንገዱ ሠራተኞች ናቸው፣ ቲኬቱም ከስሮ ይቀራል።

ከመሳፈራችሁ በፊት አገር ቤት የሚያልቅ ሥራ

ቴምፖ፣ ጊዜያዊውን የዲግሪ ማስረጃ፣ ይዛችሁ አትውጡ። ኮስት ሼሪንጉን ከፍላችሁ ኦርጅናል ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አውጡ፣ በሚመለከተው የትምህርት መሥሪያ ቤትና ውጭ ጉዳይ አስረጋግጡት። የልደትና የጋብቻ ሰርተፍኬትም እንደዚሁ። ውጭ ሆኖ ይህን ማስጨረስ ማለት ወንድምን ከሥራ ማስቀረት ማለት ነው። እሱም ቢሆን የሚሠራው ውክልና ካለው ነው፣ ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ውክልናውን ስጡት። ሰነዱ ላይ ያለው ቀን በኛ አቆጣጠር ብቻ ከሆነ ትርጉሙ ላይ በፈረንጆቹም እንዲጻፍ አድርጉ፣ ያለበለዚያ የልደት ቀናችሁ በሁለት ሰነድ ላይ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይኖረዋል። ቢሮ ውስጥ ለተቀመጠ ፈረንጅ አሥራ ሦስት ወር ማስረዳት ደግሞ እድሜ ይፈጃል።

የስም ነገር

ይህን ሰፋ አድርጌ ልጻፈው፣ ብዙ ጊዜ ያቃጠለኝ እሱ ነውና።

ጀርመን በገባሁ ሰሞን የፖስታ ሳጥኔ ላይ ስሜን በጥሩ እስክሪብቶ ጽፌ ለጠፍኩ። የራሴን ስም፣ አንዱን። አገር ቤት ማን በአባቱ ስም ይጠራል? ሳምንታት አለፉ፣ አንድ ደብዳቤ አይመጣም። የባንክ ካርድ የለም፣ የታክስ ቁጥር የለም፣ የመድን ካርድ የለም። በኋላ እንደገባኝ ደብዳቤዎቹ ሁሉ በአባቴ ስም ነበር የሚመጡት። ፖስተኛው ሳጥኑ ላይ ያን ስም ሲያጣ «ተቀባዩ አይታወቅም» ብሎ ይመልሳቸዋል። እዚያ አገር ፖስታ የሚደርሰው ሳጥኑ ላይ ለተጻፈው ስም ነው። አሁን የትም ስገባ ከመጋረጃ በፊት የምሰቅለው ሁለቱንም ስም ነው።

ስለዚህ የአባታችሁ ስም የቤተሰብ ስማችሁ ሆኗል፣ ተቀበሉት። አያትን መጨመር ወይም መተው ግን የእናንተ ምርጫ ነው። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን አይታችሁ አንዴ ወስኑና ቲኬት፣ ኮንትራት፣ የኮንፈረንስ ምዝገባ ላይ በዚያው አጻጻፍ ሂዱ። ጽሑፎቻችሁ ላይም እንደዚሁ። የአማርኛ ስም በላቲን ፊደል በአራት ዓይነት ይጻፋል፣ አንዱን ሰው አራት ሰው አድርጎ የሚቆጥረው ዳታቤዝ ደግሞ ብዙ ነው። ኦርኪድ የሚባለውን ባለ 16 አኃዝ የተመራማሪ መለያ ቁጥር ገና ማስተርስ ላይ ሳላችሁ አውጡ። ነፃ ነው፣ ስማችሁ ቢዛባም ሥራችሁን ይዞ ይዞራል።

ቤተሰብ ያላችሁ ደግሞ የልጁን የልደት ሰርተፍኬት ትርጉም ከፓስፖርቱ ጋር ያዙ። እኛ ቤት ሦስት የቤተሰብ ስም አለ። እኔ በአባቴ፣ ባለቤቴ በአባቷ፣ ልጃችን በእኔ። እናትየው ልጁን ይዛ ብቻዋን ድንበር ስታቋርጥ «ይህ ልጅ የማን ነው?» መባሏ አይቀርም።

ኮንፈረንሱ

የምድር ሳይንስ ሰዎች በየዓመቱ ሚያዝያ አካባቢ ቪየና እንሰበሰባለን፣ ኦስትሪያ ሴንተር የሚባለው አዳራሽ። ከተማዋ በዚያ ሳምንት በፖስተር ቱቦ ትሞላለች። ጀርባው ላይ ቱቦ ያንጠለጠለ ሰው ካያችሁ ተከተሉት፣ መንገድ አትጠፉም። ሆቴል አዳራሹ አጠገብ አትፈልጉ፣ ዋጋው አይቀመስም። ዩ1 የሚባለው የምድር ውስጥ ባቡር አዳራሹ ደጃፍ ያወርዳል፣ ስለዚህ በዚያ መስመር ላይ ራቅ ያለ ማረፊያ ያዙ።

ቱቦውን ግን እናንተ አትያዙ። አንዴ የእኔ ከላይ ከሻንጣ ማስቀመጫው ላይ ቀረ። እኔ ወረድኩ፣ እሱ ወደሚቀጥለው ከተማ በረረ። ከዚያ ወዲህ ፖስተሬን በጨርቅ ነው የማሳትመው። ኤ ዜሮ የሚባለው የፖስተር መጠን 84 በ119 ሴንቲሜትር ግድም ነው፣ ጨርቁ ሲታጠፍ ከሸሚዝ አይበልጥም። ሆቴል ስትደርሱ ሻወር ክፍል ስቀሉትና ሙቅ ውሃ ክፈቱ፣ እንፋሎቱ ጭምድዱን ያወጣዋል። ስብሰባው ሲያልቅ እኔ የድሮዎቹን የጠረጴዛ ልብስ አደርጋቸዋለሁ። እንግዳ ሲመጣ ቡና የሚጠጣው በአባይ ተፋሰስ ካርታ ላይ ነው።

ገንዘቡ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ብዙ ዩኒቨርሲቲ ከኪሳችሁ ክፈሉና በኋላ እንመልሳለን ነው የሚለው። በኋላ ማለት ወራት ነው፣ የአንድ ዶክትሬት ተማሪ ደመወዝ ሦስት ጉዞ አይሸከምም። ጸሐፊዋን ወዳጅ አድርጉ፣ ቲኬቱንና ምዝገባውን ተቋሙ በቀጥታ መክፈል ይችል እንደሆነ ጠይቁ። ጀርመን ውስጥ የሥራ ጉዞ ፈቃድ ከመሄዳችሁ በፊት መፈረም አለበት፣ ካልተፈረመ ገንዘቡን መጠየቅ ጭቅጭቅ ነው። ደረሰኝ ሁሉ ወዲያው በስልክ ፎቶ ይነሳ። የመሳፈሪያ ወረቀቱም ጭምር።

ገና አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ ጣሊያን ትሪየስተ ያለውን የአብዱስ ሳላም ዓለም አቀፍ የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ማዕከል እዩት። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ከታዳጊ አገሮች የሚሄዱ ሳይንቲስቶችን ሲያሠለጥን ኖሯል። ስሙ ፊዚክስ ይላል እንጂ የሒሳብና የአየር ንብረት ሰዎችም ይሄዳሉ፣ ለተመረጡ ደግሞ የጉዞና የማረፊያ ድጋፍ የሚሰጥባቸው ሥልጠናዎች አሉት። ማዕከሉ ባሕሩ አጠገብ ነው። በፈረንጆቹ ክረምት፣ በብርዱ ወራት፣ ከሄዳችሁ ቦራ ለሚባለው ነፋስ ጥሩ ጃኬት ያዙ፣ ጃንጥላ ዋጋ የለውም።

አገር ስትቀይሩ

ከመወሰናችሁ በፊት፦ የማሪ ኩሪ ፖስትዶክ ፌሎሺፕ፣ የአውሮፓ ኅብረት ለተመራማሪዎች የሚሰጠውን የገንዘብ ድጋፍ፣ የምታስቡ ከሆነ፣ ማመልከቻው ከሚዘጋበት ቀን በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ ከ12 ወር በላይ በአንድ አገር ከኖራችሁ ወይም ዋና ሥራችሁን እዚያ ከሠራችሁ፣ በአጠቃላዩ ደንብ ወደዚያ አገር ማመልከት አትችሉም። አንድ ወዳጄ በጣም የሚፈልጉት ላብራቶሪ ውስጥ ቀድሞ ለዓመት ተኩል ገብቶ በሩን በራሱ ላይ ዘጋ።

ጀርመንን ስትለቁ አብሜልዱንግ አለ፣ ከነዋሪነት መዝገብ መሰረዝ። ቀላል ሥራ ነው፣ ግን ወረቀቱን እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁት። የስልክ ኮንትራት ለማቋረጥም፣ በየቤቱ በወር 18.36 ዩሮ የሚከፈለውን የሬዲዮና ቴሌቪዥን መዋጮ ለማስቆምም ይጠየቃል። የባንክ ሒሳቡን ግን አትዝጉ። የቤት መያዣው እስከ ሦስት ወር ኪራይ ሊደርስ ይችላል፣ አከራይ ደግሞ ወራት ቆይቶ ነው የሚመልሰው። እኔ ቸኩዬ ዘጋሁት፣ ከዚያ አከራዬን በኢሜይል ስለማመጥ ከረምኩ።

ስዊድን ላይ ቁልፉ ፐርሶንኑመር ነው፣ የነዋሪነት መለያ ቁጥር። በመዝገብ ለመግባት ቢያንስ አንድ ዓመት የመቆየት ዕቅድ ይጠይቃሉ። ያለዚያ ቁጥር ባንክ አይዲ የሚባለው ዲጂታል መታወቂያ የለም፣ ያለ ባንክ አይዲ ደግሞ ሐኪም ቤት ቀጠሮ መያዝም ፈተና ነው። አሥራ አንድ ወር የሚል ኮንትራት ቢልኩላችሁ አመስግኑና «አሥራ ሁለት ይሁንልኝ» በሉ። ለእነሱ አንድ ወር ናት። በኮንትራት ድርድር ውስጥ እንደዚህች ያተረፈችልኝ ነገር የለም።

የጤና መድን ላይ አንድ ቀን እንኳን ክፍተት አትተዉ። የድሮው በ31 ካለቀ አዲሱ በ1 ይጀምር፣ መሃል ላይ ክፍት ከሆነ የግል የጉዞ መድን ግዙ።

ሻንጣ

አፈርና ዘር በኪስ አይወሰድም። የአውሮፓ ኅብረት አፈር ያለ ልዩ ፈቃድ አያስገባም። እኛ አገርም ቢሆን የጄኔቲክ ሀብት ለማውጣት ከብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ አዋጁ 482/1998 ነው። «ለምርምር እኮ ነው» አይሠራም። ውጭ አገር በጤፍ ላይ ስለወጣው የባለቤትነት መብት (ፓተንት) የሰማ ሰው ለምን እንደሚጠነክር ይገባዋል። ያ ፓተንት ኔዘርላንድ ውስጥ ውድቅ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፣ ሄግ ያለ ፍርድ ቤት ከወሰነ በኋላ።

ለሆድ የሚሆነው ደግሞ በርበሬና ሽሮ ያልፋል። በደንብ አሽጉት፣ ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጻፉበት፣ አለዚያ ቀይ ዱቄት ብዙ ጥያቄ ያስነሳል። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከውጭ ወደ ኅብረቱ ማስገባት ግን ክልክል ነው። ቋንጣውም፣ ንጥር ቅቤውም። እናቴ ሌሊት ሙሉ ስታነጥር አድራ፣ በሦስት ላስቲክ ጠቅልላ፣ ካልሲ ውስጥ ደብቃ የላከችልኝን ጉምሩክ ላይ አንድ ወጣት ጓንት አድርጎ ከፈተው። ኮረሪማው አዳራሹን ሞላው። «ይህ ምንድነው? በጣም ይሸታል፣ ግን ጥሩ ነው» አለኝና ቅርጫት ውስጥ ጣለው። ለእሷ በስልክ ደህና ገባ ብያታለሁ። ስለዚህ ቅቤውን ከመሳፈራችሁ በፊት እዚያው በገንፎ ጨርሱት።