አልማዝ ባለጭራ መቀነት ሳይመስል ሲመጣ

በአንድ ጎን እንደ መቀነት የሚዞረውን፣ ውኃ የቋጠረውን ሽፍታ፣ አልማዝ ባለጭራን፣ ማንም ያውቀዋል። ድሬዳዋ ውስጥ ሳቢያን አካባቢ በነርስነት ስሠራ «ሸረሪት ሄዳብኝ ነው» የሚሉ ታካሚዎች ዛሬም ይመጣሉ። መነሻው ግን በልጅነት ጉድፍ ያስያዘን ቫይረስ ነው፤ ነርቭ ሥር ተኝቶ ይቆይና ዕድሜ ሲገፋ ወይም የሰውነት መከላከያ ሲደክም ይነሳል። የሚያስቸግረኝ መልኩን ለውጦ የሚመጣው ነው።

ብዙ ጊዜ ሽፍታው ከመውጣቱ ከ1 እስከ 5 ቀን ቀድሞ ሕመሙ ብቻውን ይጀምራል። ደረት ላይ ሲሆን የልብ፣ ወገብ ላይ ሲሆን የኩላሊት ይመስላል። «እማማ፣ ልብሱ ሲነካሽ ያቃጥልሻል?» እላለሁ፤ የድሬ ሰው አንቱታ አይወድም። ከዚያ በነጠላ ጫፍ ግራና ቀኙን በቀስታ እዳስሳለሁ። በአንዱ ጎን ብቻ ከተሸማቀቀች ቦታውን በየቀኑ እንድታየው እነግራታለሁ። የደረት ሕመም ከሆነ ግን ልቧም ሳይመረመር አትሄድም። ሽፍታ ጨርሶ የማይወጣባቸውም አሉ።

ቀይ ነገር ብቻ አትፈልጉ። በጠቆረ ቆዳ ላይ መቅላቱ ሐምራዊ ወይም ከቀረው ቆዳ የባሰ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው። ታካሚውን ወደ መስኮት አቅርቡና ቆዳውን ከጎን ተመልከቱ፤ ችምችም ብለው የወጡት ጉብታዎች ጥላ ይጥላሉ።

የድሬ ሙቀት የሚያወጣው ሽፍታ ያሳክካል፣ ሁለቱንም ጎን ይይዛል። በ2011 ክረምት ከተማችንን ያስተኛው ቺኩንጉኒያም ሽፍታ አለው፤ እሱ ግን ከትኩሳትና ከመገጣጠሚያ ሕመም ጋር በመላ ሰውነት ይበተናል። ይበልጥ የምታሳስተው ሌሊት ቆዳ ላይ የተደፈጠጠች መርዛም ጥንዚዛ ናት፤ መስመር ሠርታ ታቃጥላለች። ክንድ ታጥፎ ከነበረ ግን የሚገጥመው ቆዳ ላይም ግልባጩ ይታተማል። አልማዝ ባለጭራ ይህን አያደርግም።

አፍንጫ ጫፍ ላይ አንዲት ፍኝት (ውኃ የቋጠረች ጉብታ) እንኳ ካያችሁ የዚያኑ ቀን ዓይን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ጆሮ ውስጥ ወጥቶ ፊት ከተጣመመም እንዲሁ አይታደርም። ከመቀነቱ አልፎ ሰውነት ላይ ከተበተነ ወይም ወጣትን ደጋግሞ ከያዘ የኤችአይቪ ምርመራ ይታዘዛል።

ቫይረሱን የሚያዳክመው መድኃኒት፣ አሲክሎቪር፣ በሐኪም ታዝዞ፣ ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው ይበልጥ የሚጠቅመው። ቅጠል ወቅጣችሁ ሳትለጥፉበት ኑ፤ ከሥሩ ያለው አይታየኝም። ፍኝቱ ደርቆ ቅርፊት እስኪይዝ ድረስ ተሸፍኖ ይቆይ፤ ጉድፍ ይዟት ከማያውቅ ነፍሰ ጡርና ከጨቅላ ሕፃንም ራቁ።