ደም ግፊት ያለበትን ቤተሰብ ልማዱን እንዲለውጥ እንዴት እናግዘው?

የደም ግፊት መድኃኒት የታዘዘላቸው አንድ አባት ክኒኑን ለሦስት ወር ወስደው ያቆማሉ። ልጆቻቸው ይቆጣሉ፤ ሐኪሙ ያስጠነቅቃል፤ ጎረቤት ደግሞ በስትሮክ የወደቀ ሰው ታሪክ እያነሣ ያስፈራራል። እርሳቸውም ለሁሉም «እሺ» ይላሉ፤ ክኒኑ ግን ከመሳቢያው አይወጣም። በነርስነት ባገለገልሁባቸው ዓመታት ከዚህ «እሺ» የበለጠ ያሳሰበኝ መልስ የለም፤ ምክንያቱም እኛ ዘንድ «እሺ» የስምምነት ቃል ብቻ ሳይሆን ተቆጪን በአክብሮት ማሰናበቻ፣ የማይፈለግን ወሬም መዝጊያ ነው።

ይህን መመሪያ የጻፍሁት ወላጁን፣ የትዳር ጓደኛውን ወይም ጎረቤቱን መርዳት ፈልጎ ደጋግሞ «እሺ» ብቻ ለተቀበለ ሰው ነው። ምሳሌዬ ደም ግፊት፣ ወይም በተለምዶ እንደምንለው «ደም ብዛት» ነው፤ መንገዱ ግን ለስኳር ሕመምም ሆነ መጠጥና ሲጋራ ለማቆም ብዙ አይለይም። እኔ እንደማምነው ሰው ልማዱን የሚለውጠው እኛ በነገርነው ምክንያት ሳይሆን ከራሱ አፍ በወጣው ምክንያት ነው፤ የለወጠውንም ሊያጸናው የሚችለው ቤቱ አብሮት ሲለወጥ ነው።

ከምክር በፊት፦ ለምን እንዳቆመ ማወቅ

ደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ለዓመታት ምንም ስሜት ሳይሰጥ ይቆያል። በዓለም ላይ ከ30 እስከ 79 ዓመት ባለው ዕድሜ ክልል ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰዎች ይህ ሕመም ያለባቸው ሲሆን፣ ከግማሽ በጥቂት የሚያንሱት ሕመሙ እንዳለባቸው እንኳን አያውቁም። እንግዲህ ምንም ያላመመው ሰው ክኒን ተሰጠው እንበል። ኢናላፕሪል ከሆነ ደረቅ ሳል ሊያመጣበት ይችላል፤ አምሎዲፒን ከሆነ ቁርጭምጭሚቱ ሊያብጥ ይችላል፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከሆነ ደግሞ ሽንት ቶሎ ቶሎ ስለሚያስወጣው ረጅም መንገድ በአውቶቡስ መሄድ ይቸግረዋል። ሰውዬው «ጤነኛ ነበርሁ፤ ያሳመመኝ መድኃኒቱ ነው» ቢል ሞኝነት አይደለም፤ ሰውነቱ የነገረውን ነው ያመነው። መድኃኒቱን በሌላ መለወጥ እንደሚቻል፣ ይህንም የሚወስነው ሐኪሙ እንደሆነ የነገረው ሰው ከሌለ ማቆሙ አይገርምም።

ሌላው ደግሞ ያቆመው ገንዘብ አጥሮት ሆኖ ለልጆቹ መናገር አፍሮ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ «ከጀመርሁት ልማድ ይሆንብኛል» ብሎ ይሰጋል፤ አንዳንዱ የሚውጠው ራሱን ሲያመው ብቻ ነው፤ አንዳንዱ «ለክቼ ተስተካክሎልሃል ተባልሁ» ብሎ ይተወዋል፤ ግፊቱ የተስተካከለው ግን በመድኃኒቱ ምክንያት ነው። እነዚህ ሁሉ ላይ ላዩን ሲያዩአቸው አንድ ዓይነት «እምቢታ» ይመስላሉ፤ መፍትሔያቸው ግን የተለያየ ነው። ገንዘብ ላጠረው ሰው ስለ ኩላሊት ማስተማር ጊዜ ማባከን ነው፤ ሳሉ ያስቸገረውንም ሰው ክኒን በመግዛት አንረዳውም።

ንግግሩን እንዴት እንጀምረው?

ጊዜውንና ቦታውን ይምረጡ። ማዕድ ላይ፣ እንግዳ ፊት ወይም ልጆች በተሰበሰቡበት የሚነሣ የጤና ጉዳይ ታላቅን ሰው እንደ ተከሳሽ ያስቆመዋል። ለብቻ፣ ቡና ከተጠጣ በኋላ ወይም አብሮ ሲሄዱ መንገድ ላይ ይሻላል። ከዚያም ፈቃድ ይጠይቁ፦ «አባባ፣ ስለ መድኃኒቱ ትንሽ ብንጫወት ይፈቅዱልኛል?» ፈቃድ መጠየቅ ለወግ ያህል ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ጉዳዩ የእርሳቸው መሆኑን፣ እርስዎም የመጡት ለመርዳት እንጂ ለማዘዝ እንዳልሆነ ያሳያል። «ዛሬ ይቅር» ካሉ ይቅር፤ ሌላ ቀን ይመለሱበት።

ከተፈቀደልዎ «መድኃኒትዎን ወሰዱ ወይ?» ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ «አዎ» ወይም ዝምታ ነው። ይልቁን «ክኒኑን መውሰድ ምኑ ነው የከበደዎ?» ወይም «ስለዚህ ሕመም እርስዎ ራስዎ ምን ያስባሉ?» ብለው ይጠይቁና ዝም ይበሉ። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ዝምታ ነው፤ እኔም ለመልመድ ዓመታት ወስዶብኛል። መልሱ ሲመጣ ከማረምዎ በፊት የሰሙትን በራስዎ ቃል መልሰው ይንገሯቸው፦ «እንግዲህ ሳሉ ሌሊት እንቅልፍ ስለነሳዎ ነው የተዉት ማለት ነው።» የተሰማ ሰው ይቀጥላል፤ የታረመ ሰው ግን ወደ «እሺ» ይመለሳል።

ዊሊያም ሚለር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1983 መጠጥ ከሚያስቸግራቸው ሰዎች ጋር ሲሠራ ያስተዋለውን ጽፎ ነበር፤ ከስቲቨን ሮልኒክ ጋር ሆኖም በኋላ አሳድጎታል። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው፦ አብዛኛው ሰው ስለ ልማዱ ሁለት ልብ ነው። መካሪው ስለ መለወጥ ሲከራከር ተመካሪው የቀረውን ወገን ይዞ ላለመለወጥ ይከራከራል፤ በተከራከረም ቁጥር የራሱን ቃል እየሰማ ይበልጥ ያምንበታል። ስለዚህ መለወጥን ደግፎ የሚናገረው እርሱ ራሱ እንዲሆን ቦታ መልቀቅ ያስፈልጋል።

ለዚህ የሚረዳ፣ እኔም ብዙ የተጠቀምሁበት አንድ ጥያቄ አለ። «መድኃኒቱን በየቀኑ መውሰድ ለእርስዎ ምን ያህል ያስፈልጋል? ከአሥሩ ጣትዎ ስንቱን ያነሣሉ?» ብለው ይጠይቁ። አራት ጣት አነሡ እንበል። «ለምን አሥር አላነሡም?» ብለው ከጠየቁ ሰበብ ይደረደርልዎታል፤ «አራት ያነሡት ለምንድን ነው? አንድ ሊያነሡም ይችሉ ነበርኮ» ካሉ ግን ምክንያት ይሰማሉ። «ወንድሜ አራት ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ ሆኖ ሰው ሲያገላብጠው አይቻለሁ፤ እኔን ማንም እንዲያገላብጠኝ አልሻም» ያሉኝ ሰው ነበሩ። ልብ ይበሉ፤ ጎረቤት ሲያስፈራራባቸው የኖረውም ይኸው የስትሮክ ወሬ ነበር። ከሌላ ሰው አፍ ሲመጣ ያሸሻቸው ነገር ከራሳቸው አፍ ሲወጣ አቆማቸው። ማስፈራራት፣ ማምለጫው መንገድ አብሮ ካልታየ፣ ሰው ስለ ጉዳዩ ማሰብ እንዲያቆም ብቻ ያደርገዋል።

መረጃ መስጠት ካለብዎ ከዚህ በኋላ፣ አንድ ነገር ብቻ፣ በአጭሩ ይስጡ። ከዚያ «በደንብ ማስረዳቴን እንዳውቅ፣ ማታ ለእትዬ እንዴት አድርገው ይነግሯቸዋል?» ብለው ይጠይቁ። በዚህ አጠያየቅ የሚፈተነው የእርስዎ ማስረዳት እንጂ የአድማጩ ዕውቀት አይደለም።

በውጭ አገር ያላችሁ ልጆችም በስልክ የመጀመሪያው ጥያቄ «መድኃኒትሽን ወሰድሽ?» እንዳይሆን አደራ እላለሁ። ያን ጥያቄ የፈራች እናት ስልኩን ማንሣት ትተዋለች፤ ወይም ደግሞ እናንተን ላለማሳዘን ያልዋጠችውን «ዋጥሁ» ትላለች።

ድስቱ ለሁሉም ይለወጥ

ስለ ጨው የሚሰጠው ምክር ብዙውን ጊዜ «ቀንሱ» በሚል ቃል ያልቃል፤ ስንት እንደሚቀነስ ግን አይነገርም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። ይህን ወደ ቤታችን ሒሳብ እንመልሰው፦ አምስት አዋቂዎች ባሉበት ቤት የቀኑ ጣሪያ 25 ግራም ስለሚሆን አንድ ኪሎ ጨው ቢያንስ 40 ቀን መቆየት አለበት። ጨዉ የተከፈተበትን ቀን ማሸጊያው ላይ ይጻፉ፤ በ20 ቀን ካለቀ ቤቱ ከሚገባው እጥፍ እየበላ ነው። ይህም የዳቦውን፣ የቋንጣውንና የሚጥሚጣውን ጨው ሳንቆጥር ነው። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ ጨው የሚገባባቸው ቤቶች ብዙ ስለሆኑ ባለሙያዋ ወጡ ላይ ስትጨምር ሁለተኛ ጊዜ እየጨመረች ነው። ከአገር ቤት በሻንጣ የሚላክላችሁም ላኪዋን ጨው እንዳትጨምርበት ልትነግሯት ትችላላችሁ። ቡና በጨው የሚጠጣበት አካባቢ ደግሞ የስኒው ብዛት ይቆጠራል።

እዚህ ላይ የምናጠፋው ትልቅ ጥፋት ለታማሚው ለብቻው አልጫ ሠርተን ሌላው ቤተሰብ እንደ ወትሮው መብላቱ ነው። የራሳችንን ጾም እናስብ። ሁዳዴን 55 ቀን ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ ርቆ የሚጾም ሰው «ምግቤን መለወጥ አልችልም» ቢል በእውነት ይችላል፤ ሲችልም ኖሯል። የቻለው ግን ቤቱ፣ ጎረቤቱና ምግብ ቤቱ ሳይቀር አብረውት ስለሚጾሙ፣ ብቻውን ከትሪ እንዲርቅ ስላልተደረገ ነው። በረመዳንም እንዲሁ ነው። ከአንድ ትሪ በሚበላ ቤት የአንድን ሰው ምግብ መለየት ቅጣት ይመስላል፤ የሁሉንም ጨው መቀነስ ግን ልጆቹንም ከነገው ሕመም ይጠብቃል።

ስለዚህ ማነጋገር ያለብን ታማሚውን ብቻ ሳይሆን ወጡን የምትሠራዋን ሰው ጭምር ነው፤ እርሷም ሙያዋ እንደተነቀፈ ሳይሆን እንደተፈለገ እንዲሰማት ሆኖ ነው። ጨዉን በአንድ ቀን ሳይሆን በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ትቀንስ፤ ምላስ በሳምንታት ውስጥ ይለምደዋል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቃሪያ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድና ሎሚ የጎደለውን ጣዕም ይሞላሉ። የሚቀረው ጥቂት ጨው አዮዲን ያለው ይሁን፤ እንቅርትን የሚከላከለው እርሱ ነው።

ክኒኑና የዕለቱ ሥርዓት

«በየቀኑ እወስዳለሁ» የሚል ውሳኔ ቦታና ሰዓት ካልተሰጠው ይረሳል። ሰውዬው ሳይረሱ በየቀኑ የሚያደርጉትን ነገር ይፈልጉና ክኒኑን ከእርሱ ጋር ያስሩት። ማለዳ ዳዊት የሚደግሙ ከሆነ ክኒኑ ከዳዊቱ አጠገብ ይቀመጥ፤ የሱብሒ ሰላት የማያልፋቸው ከሆነ ከመስገጃው አጠገብ። «ዳዊቴን እንደዘጋሁ ክኒኔን እውጣለሁ» የሚለው ዐረፍተ ነገር በእርሳቸው አፍ እንዲነገር ያድርጉ።

በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም እስከ ማታ የሚቆዩ ሰዎች መድኃኒቱን ዝም ብለው ይተዉታል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን «ሰዓቱን ማዛወር ይቻላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ ብዙዎቹ የግፊት መድኃኒቶች በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰዱ ስለሆኑ ብዙውን ጊዜ መላ ይገኝለታል። ጸበል የሚጠመቁትንም «ጸበሉን ተዉ» ማለት ሰውየውንም መድኃኒቱንም ማጣት ነው። በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒትን በሚመለከት ጸበልና መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር፤ ከእኛ ምክር ይልቅ የነፍስ አባታቸው አንድ ቃል የሚበልጥባቸው ጊዜ ብዙ ነውና እርሳቸውን ማማከር መልካም ነው። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ሽፈራውን ወይም ፌጦውን የሚጠቀሙ ከሆነም ሳይደብቁ ለሐኪማቸው ይንገሩ።

የሚታይ ለውጥና አብሮ የሚሄድ ሰው

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ፤ 16 የጤና ፓኬጆችንም ቤት ለቤት ያስተምሩ ነበር። ከአሠራሩ ሁሉ እኔ የማደንቀው «ሞዴል ቤተሰብ» የተባለውን ነው። ቀድሞ መጸዳጃ የቆፈረው ጎረቤት ለተጠራጣሪው ከየትኛውም ፖስተር በላይ አስረጅ ነበር። ለደም ግፊትም ይኸው ይሠራል፤ መድኃኒቱን አሥር ዓመት ወስዶ በጤና የሚኖር የዕድር አባል ካለ፣ ከእርሱ ጋር ቡና እንዲጠጡ ያገናኟቸው።

ልኬቱም ለዓይን የሚታይ ይሁን። ውጤቱን ከነቀኑ ደብተር ላይ ራሳቸው ይጻፉ። ከመለካት በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጣም፤ አምስት ደቂቃ ጀርባን ደገፍ ብሎ ማረፍ፣ ክንድንም በልብ ትይዩ ማሳረፍ ያስፈልጋል። በሩጫ መጥተው የተለኩት ከፍ ብሎ ሲታይ «መድኃኒቱ አይሠራም» የሚል የተሳሳተ ድምዳሜ ያመጣል።

ሲቋረጥ

ይቋረጣል። ፋሲካ፣ ሠርግና ለቅሶ አብዛኛውን ሰው ከሥርዓቱ ያወጡታል፤ ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን የከረመ ሰው ክኒኑን ይዞ እንዲሄድ ያሰበለት የለም። ስለዚህ ከበዓሉና ከመንገዱ በፊት «ያን ሰሞን እንዴት እናድርገው?» ብሎ መነጋገር፣ የአንድ ሳምንት ክኒንም በቦርሳ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ሲመለሱ «ይኸው፣ አልኩ አይደል!» አይበሉ፤ «ከዚያ በፊት ሁለት ወር እንዴት ቻሉት?» ብለው ይጠይቁ፤ የሚያስመልሳቸው መንገድ በመልሱ ውስጥ ይገኛል። አንድ ቀን ያመለጠውን ክኒን ለማካካስ በማግስቱ እጥፍ አድርጎ መዋጥ አይገባም። ልኬቱ ተስተካከለ ተብሎም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማቆም ተገቢ አይደለም።

ትዕግሥት የማይፈቀድበት አንድ ጉዳይ አለ። በድንገት አፍ ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ወይም ደረትን አጥብቆ ከያዘ፣ ጊዜው የጥያቄና የውይይት አይደለም። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ያስታውሱና ወዲያውኑ ሆስፒታል ያድርሷቸው፤ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶችና የልኬት ደብተሩንም ይዘው ይሂዱ።