ጨርቁ ሲያሳስት፦ ለልብስ ሰፊና ለደንበኛ

ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለው ጎዳና ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው። እዚያ ቀለም አልገጠመም፣ ስፌት ጠመመ ተብሎ ጭቅጭቅ ሲነሳ፣ አንዳንዴ ጥፋቱ የሰፊውም የነጋዴውም አይደለም፤ የዓይን ነው። ልብሱ ከመፈታቱ በፊት ይህን ይሞክሩ።

ግራጫው ክር ቀይ ጨርቅ ላይ አረንጓዴ መሰለ

ክሩ አልተበላሸም። በሬቲና፣ ማለትም ከዓይናችን ውስጥ ከኋላ ባለው ስስ ሽፋን ላይ፣ ከ100 ሚሊዮን በላይ ብርሃን ተቀባይ ህዋሳት አሉ፤ ወደ አንጎል የሚወስደው ነርቭ ግን 1 ሚሊዮን ገደማ ክሮች ብቻ ናቸው ያሉት። ሁሉን ማሳለፍ ስለማይቻል ሬቲና ልዩነቱን አጉልቶ ይልካል፤ አንዱ አካባቢ ሲነቃ የጎረቤቱን ምልክት ያዳክማል። ስለዚህ ቀለምን የምናየው ከጎኑ ካለው ጋር እያነጻጸርን ነው።

ፓሪስ በሚገኘው የጎብለን ምንጣፍ ማምረቻ የማቅለሚያው ኃላፊ የነበረው ኬሚስት ሚሼል ኤዠን ሼቭረል፣ ጥቁሩ ክር ደካማ ነው የሚል ቅሬታ ቀረበለት። ማቅለሚያውን ቢመረምር ጉድለት አጣበት። ጥቁሩን ያደበዘዙት አጠገቡ የተሸመኑት ሰማያዊና ሐምራዊ ነበሩ። ግኝቱን በ1839 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ የሙያ ትምህርት የለም፤ ሰውየው ክሩን ከመውቀሱ በፊት ጎረቤቱን ጠየቀ።

መፍትሄ፦ ነጭ ወረቀት በስተው ክሩን በቀዳዳው ብቻ ይዩት። ግራጫ ከሆነ ክሩ ደህና ነው። ልብሱ ላይም ግራጫ እንዲመስል ከፈለጉ ወደ ቀይ ትንሽ የሚያደላ ግራጫ ይምረጡ።

ነጩ ገበር ላይ አረንጓዴ ጥላ ታየ

ቀይ ላይ ዓይንዎን ተክለው ቆይተዋል፤ ለቀይ የሚነቁት ህዋሳት ደክመዋል። ጥቂት ደቂቃ ወደ ሩቅ ይመልከቱ፣ ይጠፋል።

ቀጥ ያለው መስመር ጠመመ

ረጃጅም መስመሮችን አጫጭር ሰያፍ መስመሮች ሲያቋርጧቸው ትይዩዎቹ ያጋደሉ ይመስላሉ። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ዞልነር በ1860 እ.ኤ.አ. ያሳወቀው ይህን ነው፤ ያስተዋለውም የጨርቅ ንድፍ ላይ ነበር። አንጎል ሹል ማዕዘንን ከልኩ አስፍቶ ያያል። ማወቅ ብቻውን አያድንም፤ እያወቁትም ይጠማል። ማስመሪያ ያስደግፉ፣ ስፌቱንም በእሱ ይምሩ። እንዲህ ያለ ጨርቅ ከመቀደዱ በፊት ማስመሪያውን ለደንበኛው ማሳየት ደግሞ ግዴታ ነው እላለሁ።

ሱቅ ውስጥ የገጠመው ውጭ ተለያየ

ይሄኛው የዓይን ስህተት አይደለም። ሁለት ማቅለሚያዎች በአንድ አምፖል ሥር ተመሳስለው በፀሐይ ሊለያዩ ይችላሉ። ሁለቱንም ቁራጭ ይዘው ደጅ ይውጡ፣ ሳይቆረጥ በፊት።